የኤሌክትሪክ ምት የቴሌቪዥንን ሥዕል እንዴት እንደ ገዛ
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የሰርግ ወይም የምረቃ ቪዲዮ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የገባበት ጉዳይ ነው። ይኸውም የቴሌቪዥን ሥዕል በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይታደሳል፤ ይህስ ቍጥር ሰዎች ታሪካቸውን በምን ዐይነት ፊልም ወይም ካሴት እንዲቀርጹ እንዴት አስገደዳቸው የሚል ነው። በዚህ ንግግር የሚነሡት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከቅርብ ለመጀመር ያህል አንድ የቤተሰቤን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በአሜሪካ ትኖር የነበረችው አክስቴ የሰርጓን ካሴት በመንገደኛ እጅ ላከችልን። አያቴ በልጃቸው ሰርግ ላይ ለመገኘት ስላልቻሉ፣ ይህ ካሴት የደረሰበትን ቀን እንደ ሰርጉ ቀን ቈጥረው፣ ቡና አስፈልተውና ጎረቤት ጠርተው ተቀመጡ። ካሴቱ በገባ ጊዜ ግን በመስኮቱ ላይ የታየው ሙሽራ አልነበረም። ነጭ ጭረት የበዛበት፣ እየተንከባለለ የሚያልፍ ጥላ ነበር። ድምፁም ወፍሮና ተጎትቶ እንደ በሽተኛ ድምፅ ይሰማ ነበር። አያቴም ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄን ምን አድርገዋት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ሊመልስላቸው የቻለ አልነበረም።

ካሴቱ አልተበላሸም ነበር፤ ማጫወቻውም ጤነኛ ነበር። የነገሩ ሥር የሚገኘው ከዚያ ቀን 100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ባደረጉት ምርጫ ውስጥ ነው። እንግዲህ ታሪኩን ከመነሻው እንከተለው።

የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚባለው ሁሉ በእውነቱ አይንቀሳቀስም። የቆሙ ሥዕሎች በፍጥነት ተከታትለው ሲቀርቡ ዐይንና አእምሮ አንድ አድርገው ያነቡአቸዋል እንጂ። በዚህ ነገር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ እንቅስቃሴው ሳይቈራረጥ እንዲታይ በሴኮንድ ስንት ሥዕል ያስፈልጋል የሚል ነው፤ ለዚህ ከ16 እስከ 24 ሥዕል ይበቃል። ሁለተኛው፣ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ሳይል የረጋ መስሎ እንዲታይ በሴኮንድ ስንት ጊዜ መብራት አለበት የሚል ነው፤ ለዚህ ግን ወደ 50 ጊዜ የሚጠጋ ብልጭታ ያስፈልጋል። መስኮቱ ይበልጥ በደመቀ መጠን ደግሞ ከዚያም የበለጠ ይጠይቃል።

የሲኒማ ሰዎች ይህን ችግር በቀላል ዘዴ ፈቱት። ድምፅ ያለው ፊልም ከ1926 ጀምሮ እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ የፊልሙ ፍጥነት በሴኮንድ 24 ሥዕል እንዲሆን ተወሰነ፤ ድምፅ ፍጥነቱ ከተለዋወጠ ይበላሻልና። ነገር ግን በማሳያው መኪና ውስጥ የሚሽከረከረው መጋረጃ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ከፍቶ ስለሚያሳይ፣ ዐይን በሴኮንድ 48 ብልጭታ ያገኛል። እንግዲህ ፊልም ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በለንደን የተነሣ ፊልም በቶኪዮም በአዲስ አበባም ሲኒማ ቤት ያለ ችግር ይታያል። ይህ ነገር ኋላ ትልቅ ቁም ነገር ስለሚሆን አድማጮች እንዲያስታውሱት እንለምናለን።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። በየቤታችን የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። በ1890ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በሴኮንድ 60 ምት መረጠ። በጀርመን የበርሊኑ አ.ኤ.ጌ. ኩባንያ 50 ምት መረጠ። የሁለቱም ምርጫ ከሥዕል ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም፤ ሐሳባቸው ስለ አምፑልና ስለ ሞተር ነበር። የአሜሪካው በሰሜን አሜሪካና በአንዳንድ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ፤ የጀርመኑ ደግሞ አውሮፓን፣ አብዛኛውን አፍሪካንና አብዛኛውን እስያን ያዘ። በኢትዮጵያም የምንጠቀምበት ኃይል በሴኮንድ 50 ምት ያለው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጃፓን ታሪክ ነው። ቶኪዮ በ1895 የመብራት መኪናዋን ከጀርመን ስታስመጣ፣ ኦሳካ በሚቀጥለው ዓመት ከአሜሪካ አስመጣች። ከዚህም የተነሣ የአገሪቱ ምሥራቅ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ምት ይሠራል፤ ይህም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በ2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በምሥራቅ በኩል የኃይል ማመንጫዎችን በጎዳ ጊዜ፣ ምዕራቡ ወገን ያለውን ኃይል እንደ ልቡ ሊያካፍል ያልቻለው በዚህ ልዩነት ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ምርጫ ከሰው ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ቴሌቪዥን በተፈጠረ ጊዜ መሐንዲሶቹ ከዚሁ ምት ጋር ተጋጠሙ። በዚያ ዘመን የነበሩት መሣሪያዎች ከመብራቱ ኃይል የሚመጣውን መወዛወዝ ጨርሰው ሊያጠፉት አልቻሉም ነበር። የሥዕሉ ፍጥነት ከመብራቱ ምት ጋር ካልተስማማ በመስኮቱ ላይ ጥቁር ጥላ እየተንከባለለ ይሄዳል። ከተስማማ ግን ጥላው ባለበት ስለሚቆም ዐይን ይለምደዋል። ደግሞም በስቱዲዮ ውስጥ የሚበሩት መብራቶች ከዚያው ኃይል ጋር አብረው ስለሚርገበገቡ፣ ካሜራው ከእነርሱ ጋር እኩል ቢራመድ ይሻላል። ስለዚህ የ60 ምት አገር 60ን፣ የ50 ምት አገር 50ን ያዘ።

ነገር ግን በሴኮንድ 50 ሙሉ ሥዕል መላክ በዚያን ጊዜ ለማሰራጫው ከባድ ሸክም ነበር። ለዚህ የተገኘው ዘዴ እንዲህ ነው። ገበሬ በመጀመሪያው ዙር አንድ አንድ ፈር እየዘለለ ቢያርስና በሁለተኛው ዙር ተመልሶ የዘለላቸውን ቢያርስ፣ እርሻው በሁለት ዙር ይሞላል። የቴሌቪዥንም ብዕር እንደዚሁ መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መሥመር ይጽፋል፤ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። ስለዚህ 25 ሙሉ ሥዕል በ50 ግማሽ ሥዕል ተከፍሎ ይቀርባል። ዐይን 50 ብልጭታ ያገኛል፤ ማሰራጫው ግን የሚሸከመው የ25ቱን ሥዕል ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካም 30 ሙሉ ሥዕል በ60 ግማሽ ሥዕል ይከፈላል።

የዚህ ዘዴ ብልጫ በለንደን በግልጽ ተፈተነ። ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1936 በአሌክሳንድራ ፓላስ የቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር፣ ሁለት ተወዳዳሪ ስልቶች በየሳምንቱ ይፈራረቁ ነበር። የጆን ሎጊ ቤርድ ስልት 240 መሥመርና በሴኮንድ 25 ያልተከፈለ ሥዕል ነበረው፤ ስለዚህ ዐይንን የሚያደክም መርገብገብ አልተለየውም። በዚያም ላይ አንደኛው ካሜራው ሥዕሉን በቀጥታ መላክ ስላልቻለ መጀመሪያ በፊልም ያነሣ ነበር፤ ፊልሙም እዚያው በአንድ ደቂቃ ያህል ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ይተላለፍ ነበር። የማርኮኒና የኢ.ኤም.አይ. ስልት ግን 405 መሥመርና 50 ግማሽ ሥዕል ነበረው። ውድድሩ ብዙ አልቈየም፤ በ1937 መጀመሪያ የቤርድ ስልት ተሰናበተ። አሜሪካም በ1941 በ525 መሥመርና በ60 ግማሽ ሥዕል ሕጓን አጸናች። የአውሮፓ አብዛኛው ክፍል ከጦርነቱ በኋላ 625 መሥመርና 50 ግማሽ ሥዕል ያዘ። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የተከተልነው ይህንኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለሚታየው ሥዕል ነው። አሁን ግን ወደ ዋናው ጥያቄ እንደርሳለን፤ የታየው ነገር ሲያልፍ በምን ይቀመጥ?

በመጀመሪያ የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ይኸውም የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት አቁሞ መስኮቱን ማንሣት ነው። በአሜሪካ ይህ ሥራ ከ1947 ጀምሮ ተስፋፋ። ነገር ግን 60ው ግማሽ ሥዕል ወደ 24ቱ የፊልም ሥዕል እኩል አይገባም፤ ለእያንዳንዱ የፊልም ሥዕል ሁለት ተኩል ግማሽ ሥዕል ይደርሰዋል። ፊልሙ ወደሚቀጥለው ሥዕል በሚሳብበት ጊዜ ያች ግማሽ ትጠፋለች። በእንግሊዝም 50ው ወደ 25 እኩል ቢገባም፣ ፊልሙን ለመሳብ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ነበረ፣ በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከሁለቱ ግማሽ ሥዕሎች አንደኛው ይጣል ነበር። ስለዚህ በቀጥታ የታየው ሥዕል ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ተቀርጾ የቀረው ደብዛዛና የተቈራረጠ ሆነ። የነዚያን ዓመታት ሥራ ዛሬ ስናይ ዘመኑ ራሱ ደብዛዛ የነበረ ይመስለናል። የደበዘዘው ግን የአቀራረጹ ዘዴ ነው።

ይህም ሆኖ ፊልሙ ባለውለታ የሆነበት ጊዜ አለ። በጁን 2 ቀን 1953 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሣቤጥ በዓለ ንግሥ ሲከበር፣ ሥዕሉን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚያሻግር ሳተላይት ገና አልነበረም። ሳተላይት ቢኖርም እንኳ የእንግሊዝ 405 መሥመርና 50 ምት በካናዳ 525 መሥመርና 60 ምት መስኮት ላይ አይነበብም። ስለዚህ ሥዕሉ ከመስኮት ላይ በፊልም እየተነሣ በእንግሊዝ የጦር አየር ኃይል ካንቤራ ጄቶች ተጭኖ ወደ ካናዳ በረረ። የካናዳ ሕዝብም በዚያው ቀን በዓሉን ለማየት በቃ።

አስቀድሞ ያሰበ ሰው ደግሞ ከነአካቴው መስኮቱን ከማንሣት ይድናል። በ1951 በአሜሪካ ሉሲል ቦልና ባሏ ዴሲ አርናዝ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን ቀልደኛ ትርኢት ሲጀምሩ፣ መኖሪያቸውን ከሆሊውድ ወደ ኒው ዮርክ ማዛወር አልፈለጉም። በሆሊውድ ሆነው በቀጥታ ቢያስተላልፉ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለው ብዙው ተመልካች የሚያየው ያን ደብዛዛ ቅጂ ነው። ስለዚህ በሦስት ካሜራ፣ በጥሩው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም፣ በተመልካች ፊት እንዲነሣ አደረጉ። ወጪው ከባድ ነበር። ጥቅሙ ግን ከእነርሱ አልፎ ለልጅ ልጅ ተረፈ፤ ፊልም ከ50ውም ከ60ውም ምት ነጻ ስለ ሆነ፣ ትርኢቱ በየአገሩ ተሸጦ እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ፊልሙ 24 ሥዕል ከሆነ በቴሌቪዥን እንዴት ይታያል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። በ60 ምት አገር አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩን ሦስት ጊዜ እያፈራረቁ ያሳዩታል፤ 24ቱም 60 ይሞላሉ፤ አካሄዱ ግን ጥቂት ያነክሳል። በ50 ምት አገር ደግሞ ፊልሙን በጥቂቱ አፍጥነው በሴኮንድ 25 አድርገው ያስኬዱታል። ስለዚህ በሲኒማ ቤት 100 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ የተዋናዮቹም ድምፅ በጥቂቱ ይቀጥናል። በዚህ ረገድ እንኳ ምቱ ድርሻውን ሳይወስድ አይለቅም።

በኤፕሪል 1956 በቺካጎ ከተማ የአምፔክስ ኩባንያ ሥዕልን እንደ ድምፅ በመግነጢስ ክር ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ በአደባባይ አሳየ። ሥራውን የመራው ቻርልስ ጊንስበርግ ሲሆን፣ ከረዳቶቹ አንዱ ኋላ በድምፅ ሥራ ስሙ የገነነው ሬይ ዶልቢ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 30 ቀን የሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ የምሥራቁን የዜና ሥርጭት ቀርጾ ለምዕራቡ ክፍል በዚህ መሣሪያ አሳየ። ተመልካቹም የተቀረጸውን ከቀጥታው ለመለየት የማይችል ሆነ።

ነገር ግን ክሩ ፊልም የነበረውን ነጻነት አልወረሰም። በአምፔክስ መሣሪያ ውስጥ አራት መቅረጫ ራሶች የተተከሉበት መንኰራኵር አለ። በአሜሪካ ይህ መንኰራኵር በሴኮንድ 240 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም 60 በ4 ሲባዛ ነው። በአውሮፓ ግን በሴኮንድ 250 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም 50 በ5 ሲባዛ ነው። እንግዲህ ምቱ በመስኮቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በክሩ ላይ በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥም ገባ ማለት ነው። ክሩን የቀረጸ ሰው የአገሩን የመብራት ምት አብሮ ቀረጸ።

ክር ከዚህ ሌላ አንድ ፈተና ይዞ መጣ። ውድ ነበር፤ ደግሞም ተደምስሶ ዳግመኛ ሊጻፍበት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎች የቀረጹትን እየደመሰሱ ሌላ ጻፉበት። ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ክሮቹን በዚህ ዐይነት አጥፍቷል። ከእነዚህም ውስጥ «ዶክተር ሁ» የተባለው ተከታታይ ትርኢት ይገኝበታል። ሆኖም ለውጭ አገር ለሚሸጠው ቅጂ በማናቸውም አገር የሚታየው ፊልም ስለ ተመረጠ፣ ክሩ ከጠፋ በኋላ ፊልሙ በሩቅ አገር ቀረ። በ2013 ከጠፉት ክፍሎች 9ኙ በናይጄሪያ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት መገኘታቸው ተነገረ። ለንደን የጣለችውን አፍሪካ አስቀምጣ ቈየቻት ማለት ነው።

የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ልዩነቱ ይባስ ሰፋ። በ1953 መጨረሻ አሜሪካ የቀለሙን ሕግ ስታጸድቅ፣ የቀለሙ ምልክት ከድምፁ ምልክት ጋር ተጋጭቶ ሥዕሉን እንዳያበላሽ ፍጥነቱን ከሺህ አንድ ያህል ቀነሱት። ስለዚህ የ60ው ምት 59.94፣ የ30ው ሥዕል 29.97 ሆነ። ይህች ትንሽ ቅናሽ ሥዕሎችን በ30 የሚቈጥር ሰዓት በየአንዳንዱ ሰዓት 3.6 ሴኮንድ ያህል እንዲሳሳት አደረገች፤ ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ ቍጥሩን ለማስተካከል ይደክማሉ። በአውሮፓ ደግሞ በጀርመናዊው ዋልተር ብሩክ የተፈጠረው ፓል እና በፈረንሳዊው ኦንሪ ደ ፍራንስ የተፈጠረው ሴካም በ1967 ሥርጭት ጀመሩ። ሁለቱም 50 ምትን ጠበቁ፤ በቀለም ስልታቸው ግን ተለያዩ። እኛ ፓልን ተከተልን።

እነሆ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛም ጀግኖች አሉበት። በኦክቶበር 21 ቀን 1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ የኮን ኢቺካዋ የፊልም ካሜራዎች ተከትለውት ነበር። ፊልሙ በ1965 ወጣ። በፊልም ስለ ተነሣም ያ የረጋ ፊቱና ያ የማይናወጥ እርምጃው ዛሬ በየትኛውም አገር መስኮት ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በኦክቶበር 20 ቀን 1968 ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ባሸነፈ ጊዜ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኝቶ ነበር። የሜክሲኮ ሥዕል በ60 ምት ስለሚነሣ አውሮፓ በቀጥታ ሊያየው አይችልም ነበር። ስለዚህ የቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲሶች 60ውን ወደ 50 የሚለውጥ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሠርተው ለዚያ ኦሊምፒክ አደረሱት። ከዚያ በፊት የነበረው መለወጫ ካሜራን በመስኮት ፊት ከማቆም ያለፈ አልነበረም።

ይሁን እንጂ መለወጥ ማለት መተርጐም ነውና ትርጕም ሁሉ የሚያጐድለው ነገር አለው። የዚህ ዋና ምሳሌ አፖሎ 11 ነው። በጁላይ 1969 ሰው በጨረቃ ላይ በወጣ ጊዜ፣ ከጨረቃ የሚላከው ምልክት ጠባብ ስለ ነበረ፣ ካሜራው 320 መሥመር ያለው ሥዕል በሴኮንድ 10 ብቻ ይልክ ነበር። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የነበሩ መቀበያ ጣቢያዎች ይህን ሥዕል በመስኮት ላይ አሳይተው በሌላ ካሜራ እያነሡ፣ የጐደለውንም ሥዕል በመደጋገም እየሞሉ ወደ 60 ምት ለወጡት። ዓለም ያየው ይህን ትርጕም ነው። በጣቢያዎቹ መስኮት ላይ ዋናውን ያዩ ሰዎች ሥዕሉ እጅግ ይበልጥ የጠራ እንደ ነበረ መስክረዋል። ዋናውም ምልክት በክር ተቀርጾ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ለብዙ ጊዜ ካስፈለገ በኋላ፣ ክሮቹ ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ በ2009 አስታወቀ። የሰው ልጅ በጨረቃ ላይ የረገጠበት ሥዕል ዛሬ ያለን በቅጂው ነው። በየአገሩ ከተረፉት የሥርጭት ቅጂዎች ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ታድሷል፤ የጠፋውን ግን የሚመልስ ጥበብ የለም።

ከዚህ ወደ አያቴ ካሴት እንመለስ። በ1976 በጃፓን የወጣው ቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ሣጥኑ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ሰውን ያታለለውም ይህ ነው። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን ሁለት ነው። በአሜሪካው ማጫወቻ ራሶቹ የተተከሉበት ከበሮ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ክሩም በሴኮንድ 33 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። በእኛ ማጫወቻ ከበሮው 25 ጊዜ ይዞራል፤ ክሩም 23 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። በአሜሪካ 2 ሰዓት የሚጫወት ክር በእኛ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የአክስቴ ሰርግ በቤታችን ማጫወቻ ላይ ሲሄድ፣ ክሩ ሊጓዝ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህል እንኳ አልተጓዘም። የሙሽራዋ ድምፅ የወፈረው፣ ሥዕሉም የተበጣጠሰው ስለዚህ ነው።

ኋላ አንድ የካሴት ማባዣ ሱቅ የነበረው ሰው ሁለቱንም ዐይነት በሚያነብ መሣሪያ አጫውቶ በእኛ ዐይነት ገለበጠልን። ሥዕሉ በየጥቂቱ ይዘላል፤ ቀለሙም ደብዝዟል፤ ሆኖም አያቴ ልጃቸውን አዩ፤ ደስታቸውም ወሰን አልነበረውም። ዋናውን ካሴት ግን «ይህ እኮ አይሠራም» ብለን ለሌላ ነገር ሰጠነው፤ ሌላ ነገርም ተቀረጸበት። አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የአክስቴም ሰርግ ያለን በሚዘለው ቅጂ ብቻ ነው። ናሳ ያደረገውን ስሕተት እኛም በጠባቡ ቤታችን አድርገነዋል።

«አሁን ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ይህ ሁሉ አልፏል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። በ1982 የዓለም መሐንዲሶች በዲጂታል ሥዕል አጻጻፍ ላይ ሲስማሙ አንድ የሚያምር ነገር ታየ። የአውሮፓው ሥዕል 576 የሚታይ መሥመር በ25 ሲባዛ 14,400 ይሆናል፤ የአሜሪካው 480 መሥመር በ30 ሲባዛ ያው 14,400 ይሆናል። አንደኛው ዝርዝሩን ለፍጥነት፣ ሌላው ፍጥነቱን ለዝርዝር ለወጠ እንጂ ሸክማቸው እኩል ነበር። ኋላ በመጣው ትልቁ ሥዕል የመሥመሩ ቍጥር በዓለም ሁሉ 1080 ሆኖ አንድ ሆነ። የዛሬ ቴሌቪዥኖችም አብዛኞቹ ሁሉንም ፍጥነት ያነባሉ። ምቱ ግን አልተዋሐደም፤ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥም 50ውና 59.94ቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ዛሬም ካሜራ የሚገዛ ሰው በካሜራው ውስጥ «ፓል» ወይም «ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ.»፣ አለዚያም 50 ወይም 60 የሚል ምርጫ ያገኛል። ይህ የቀድሞው ቀለም ስልት ቅሪት ብቻ አይደለም። በአገራችን ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፑልና አንዳንዱ አዲስ አምፑልም በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ኃይሉ በሄደም በተመለሰም ጊዜ አንድ አንድ ጊዜ ይደምቃልና። በሴኮንድ 25 ወይም 50 የሚያነሣ ካሜራ ከዚህ ጋር እኩል ይራመዳል። በ30 ወይም በ60 የሚያነሣ ግን ይሳሳተዋል፤ ከዚህም የተነሣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ጥላ ሲመላለስ ይታያል። ስለዚህ በአዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ የሚቀርጽ ሰው 25ን ወይም 50ን ይምረጥ፤ የካሜራው ዐይን የሚከፈትበትንም ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ያድርገው። በዋሺንግተን የሚቀርጽ ወገናችን ደግሞ የዚያን አገር ምት ይከተል። ለሲኒማ የሚያስብም ካለ 24ን መርጦ መብራቱን አስቀድሞ ይፈትን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን አንድ ነው። ምንም ዐይነት ሥዕል ቢሆን በተነሣበት ፍጥነት እንዳለ ይቀመጥ። ለመመልከት የሚመች ቅጂ ቢሠራም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅጂው ተገኘ ተብሎ ዋናው አይጣል፤ አይደምሰስም። ከ60 ወደ 50 የተለወጠ ሥዕል ያጣውን ዳግመኛ አያገኝም። ነገ የተሻለ መለወጫ ቢፈጠር እንኳ የሚጠቅመው ዋናውን ለጠበቀ ሰው ነው።

አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት በወጥ ቤት ብቻ የሚያገለግል ቃል አይደለም። በፒትስበርግና በበርሊን የመብራት ምት የመረጡ መሐንዲሶች አንዲት እናት የልጅዋን ሰርግ ማየት እንዳትችል አላሰቡም፤ ሊያስቡም አይችሉም ነበር። እኛ ግን ታሪኩን ካወቅን በኋላ ሳናስብ የምንመርጥበት ምክንያት የለንም።